ድምፄን የዋጠው ከፋይ

«ተቃጥሏል አልኩሽ! አንቺው ነሽ በጩኸትሽ ያቃጠልሽው!»

«ምላጩን ያስቀምጡት አጎቴ። መጀመሪያ ልየው።»

አላስቀመጡም። ሐይቅ ከተማ፣ ለሠርግና ለመውሊድ ስፒከር በሚያከራዩበት ሱቃቸው ውስጥ፣ ትልቁን ስፒከር በጀርባው አስተኝተው ድምፅ የሚያወጣውን የወረቀት ፊቱን ዳር ሊቆርጡ ጎንበስ ብለዋል። አንዴ ከተቆረጠ ለነገው የልጃቸው ሂና አይደርስም። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ግጥሜ ነበር። ሙሽራዋ የአጎቴ ልጅ ከአረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ ያጫወተችኝን በግጥም ጽፌ፣ በሂናዋ ዕለት ሰው ሁሉ እንዲሰማው በድምፄ ቀድቼዋለሁ። ጻፊልኝ ያለችኝ እሷ ናት። «ሳታሳምሪ የምትነግሪልኝ አንቺ ብቻ ነሽ» ብላኛለች።

አሁን ከኮምፒውተሩ ሲከፍቱት፣ ከኋላ ያስገባሁት የአምባሰል ማሲንቆ ይሰማል። እኔ የለሁም። የሆነ ነገር ከጉድጓድ ውስጥ ያጉረመርማል እንጂ ቃል የለም።

«የሴት ድምፅ አልችል ብሏል» አሉ እየሳቁ።

«ጠዋት መንዙማ ሲያጫውቱበት ምንም አልሆነም እኮ።»

«እሱማ በስልኬ ነው። ወላሂ ጥርት ያለ ነበር!»

«ታዲያ በስልክ ከሠራ ስፒከሩ ምን በደለ?»

«ኋላ ነዋ የተቃጠለው! አንቺ ስትገቢበት!»

ይህን ሥራ ማንም አላስተማረኝም። የተበላሸ ራዲዮ እየፈታሁ ነው የለመድኩት፤ ግጥሙንም ለቅሶ ቤት የሚባለውን ጆሮ ጥዬ እየሰማሁ። ስለዚህ ፈቃድ አልጠየቅኩም። ሁለቱን መዳፎቼን ወረቀቱ ላይ አሳርፌ በቀስታ ገፋሁት። የተቃጠለ ስፒከር ሲገፉት አሸዋ እንደገባበት ይፋጫል። ይኼ ግን ድምፅ ሳያሰማ ገብቶ ተመለሰ። ከግድግዳው ሰዓት ባትሪ አውጥቼ ከስፒከሩ ሽቦዎች ጋር ነካ አደረግሁት። ጧ! ወረቀቱ ዘለለ።

«ሰዓቴን ገደልሽው» አሉ።

«ስፒከርዎ ግን በሕይወት አለ።»

ቀጥዬ ገመዱን ከኮምፒውተሩ ነቀልኩት። በራሱ ትንሽ ድምፅ ማውጫ ግጥሜ ቀጭን ሆኖ ተሰማ፣ ቃል ሳይጎድል። ኮምፒውተሩም ደህና ነው ማለት ነው። የሚጠፋው መሃል መንገድ ላይ ነው።

ያኔ ከፋዩን አየሁት። ኮምፒውተሩን የላከችላቸው ልጃቸው ናት፤ እሳቸው ደግሞ አቧራ እንዳይነካው ብለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስደው ወፍራም ቀይ ከፋይ አሰፍተውለታል፣ ዳሩ በጥልፍ። ለገመዱ ቀዳዳ ተትቶለታል። ግን ከከፋዩ ውፍረት የተነሳ የገመዱ ጫፍ፣ ጃኩ፣ ግማሽ ገብቶ ይቆማል። እንዲህ የቆመ ጃክ ከግራም ከቀኝም እኩል የሚመጣውን ድምፅ ያጠፋል፤ የሰው ድምፅ ደግሞ በሁለቱም በኩል እኩል ነው የሚቀዳው። ጠዋት መንዙማው ያልጠፋው ስልካቸው ከፋይ ስላልለበሰ ነው።

«ይውለቅ» አልኩ።

«ልጄ የላከችውን? ራቁቱን አይቀመጥም!»

አወለቅኩት። ጃኩን ቀጭ እስኪል ገፋሁት። ሱቁን ድምፄ ሞላው፦

*ሂናው ያምራል አሉ ከመዳፌ በላይ፣*
*በረኪና የላሰው ቆዳዬ ሳይታይ።*

አጎቴ እጃቸውን ዘርግተው አጠፉት። ሳቃቸው የለም።

«ይሄን ነው ሰው ፊት የምታሰሚው? አማቾቼ ከውጫሌ ድረስ መጥተው ልጄ የሰው ቤት ስታጥብ ነበር ይበሉ?»

«ስታጥብ ነበራ።»

«አላህን ፍሪ! የሙሽራ ግጥም ሙገሳ ነው። አማች ይወደሳል፣ ሙሽሮቹ ይመረቃሉ፣ አለቀ።»

«እሷስ መቼ ነው የምትወደሰው?»

በረኪናው የበላውን እጅ እሳቸውም ያውቁታል፤ ከተመለሰች ጀምሮ በየማዕዱ አጠገባቸው ሲቆርስ ያዩታል። አንድም ቀን ምን ሆነሽ ብለው አልጠየቋትም።

«በእኔ ስፒከር አይወጣም» አሉ በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ግጥሙ ያለበትን ፍላሼን ከኮምፒውተሩ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«እሷ ዘንድ። ነገ ሴቶቹ መሃል ቆሜ በአፌ እለዋለሁ። የእኔ አፍ ገመድ አይፈልግም።»

«እኔ አባቷ ነኝ! ሰምተሻል? አባቷ!»

«እንግዲያው እርስዎም መጥተው ይስሟት።»

«ከወጣሽ እዚህ ሱቅ እንዳትመለሺ!»

ወጣሁ። ነጠላዬ የበሩ እጀታ ላይ ተያዘ፤ መንጭቄ አስለቀቅኩትና የብረቱን በር ከኋላዬ በኃይል ዘጋሁት።