ኤዶ ሐሊማና የታጁራ ባሕር

ማክሰኞ ንጋት፣ ድሬዳዋ

ጎህ ሲቀድ ባጃጁ በራችን ላይ ቆሟል። ኤዶ ሐሊማ ግን ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ከዚፑ ጋር ትታገላለች። ቅቤ፣ ሃሉዋ፣ ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ፣ የሕፃን ልብስ፣ ከላይ ደግሞ ማንጎ። ጅቡቲም ማንጎ ይሸጣል ብዬ ብነግራት፣ የድሬ አይደለም ብላ ዚፑን ዘጋችው።

ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። አክስቴ አይደለችም፣ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። እናቴን የምታክለውን ሴት "አንቺ" ስል የሰማ የሌላ አገር ሰው ባለጌ ይለኛል። እኛ ድሬዎች አንቱታ አይሆንልንም፣ ልብ ሲርቅ ብቻ ነው የምናወጣው።

ልጇ ሂቦ ታጁራ ለምትባል የጅቡቲ የባሕር ዳር ከተማ ሰው ተድራ፣ ይኸው የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። አራስ ልጅን አርባ ቀን መንከባከብ የእናት ወግ ነው፣ ሌላ ሰው አይተካትም። ችግሩ ባሕሩ ነው።

ደቻቱ፣ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍለው ወንዝ፣ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። እንነግድበታለን፣ ኳስ እንጫወትበታለን፣ ልብስ አጥበን አሸዋው ላይ እናሰጣለን። አንድ ክረምት ግን ሌሊት ሞልቶ መጣና የኤዶን ወንድ ልጅ ሊባንን ወሰደው። አስከሬኑ እንኳን አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ኤዶ ያን አሸዋ ረግጣው አታውቅም፤ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን ድልድዩ ድረስ ዞራ ነው የምትሻገረው።

ስለዚህ የተነሣችበት ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ሂቦንና ሕፃኑን ከውሃው አጠገብ አንሥታ ድሬ ልታመጣ። ወንድሟ አዴር ዩሱፍ፣ አዴር አጎት ማለት ነው፣ ለእነሱ አንድ ክፍል ቀለም አስቀብቶ ጨርሷል። ሂቦ ደግሞ በስልክ ለእኔ ለብቻዬ፣ እናቴን እፈልጋለሁ፣ ከቤቴ ግን አልወጣም ብላኛለች። በሁለቱ መሀል የተጠራሁት እኔ ነኝ፣ ለሻንጣ ተሸካሚነት ተብዬ።

ማክሰኞ፣ ባቡሩ

አዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ መልካ ጀብዱ በኩል ነው። ባጃጁ አቧራ እያጠጣን አደረሰን። ባቡሩ ውስጥ ቀዝቃዛ አየር፣ ንጹሕ ወንበር፣ ከፊታችን ለኮንትሮባንድ ልብስ የሚሄዱ የሚመስሉ፣ ባዶ ከረጢት የታቀፉ ሁለት ሴቶች። በመስኮቱ ግራር፣ ግመል፣ ድንጋይ፣ ደግሞ ግመል። ድንበሩ፣ ደወሌ ላይ ፓስፖርት ተመታልን፤ ጅቡቲ ስንወርድ ሙቀቱ ፊታችን ላይ እንደ ምጣድ ክዳን ተከፈተ። እኔ የድሬ ሙቀት ያሳደገኝ ሰው ነኝ፣ እዚያ ግን አፈርኩ።

ማታ የየመን ዓሣ በላን፤ ለሁለት ተሰንጥቆ በቀይ በርበሬ ተቀብቶ የተጠበሰ፣ ከትልቅ ቂጣ ጋር። ኤዶ ጥሩ ነው አለችና እጇን ታጥባ፣ ነገ ወደ ታጁራ በጀልባ እንዳታሻግሪኝ አለችኝ።

ረቡዕ፣ የተራራው መንገድ

ሹፌሩ፣ ጉንጩ ከትናንት የተረፈ ጫት የያዘ ደግ ሰው፣ በጀልባ ቶሎ ትደርሱ ነበር፣ ለምን ተራራ ትዞራላችሁ ብሎ ጠየቀን። ኤዶ የባሕሩን ሰማያዊ ላለማየት ሻርፕዋን ወደ መስኮቱ በኩል ሳበችው። ለእኔ ግን መንገዱ ዓይን አያስከድንም። ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሩቅ አሳል ሐይቅ በጨው ነጥቶ፣ ከዚያ መንገዱ ይታጠፍና ባሕረ ሰላጤው ድንገት ከሥራችሁ ይከፈታል። እኔ አፌን ከፍቼ ስቀር ኤዶ ዱዓ ታደርጋለች።

ታጁራን ስታዩ ትወዷታላችሁ። ነጫጭ ቤቶች፣ ነጫጭ መስጊዶች፣ ከኋላ ተራራ፣ ከፊት ውሃ፣ ከውሃው ማዶ ሌላ ተራራ። ፍየሎቹ ሰው ይመስል መሀል መንገድ ይሄዳሉ። የሂቦ ቤት ለባሕሩ በጣም ቅርብ ነው። ኤዶ ገብታ ልጇን አቅፋ አለቀሰች፣ ሕፃኑን ሳመች፣ ከዚያም ተነሥታ በባሕሩ በኩል ያለውን መስኮት ዘጋችው። ሂቦ አየችኝ። ማታ እናትና ልጅ ሲከራከሩ ሰማሁ፤ ኤዶ አርብ እንሄዳለን ትላለች፣ ሂቦ ከቤቴ አልወጣም ትላለች።

ሐሙስ፣ ታጁራ

ጥፋቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። የሕፃኑን ጨርቆች አጠብኩ። ወጣ ስል ባሕሩ የለም፤ ማለቴ ርቆ ሄዷል፣ ከቤቱ ፊት ሰፊ፣ ንጹሕ፣ በፀሐይ የጋለ አሸዋ ተዘርግቷል። የድሬ ልጅ እንዲህ ያለ አሸዋ አይቶ አያልፍም። ጨርቆቹን አንድ በአንድ ዘርግቼ ጠጠር ጫንኩባቸውና ምሳ ልሠራ ገባሁ።

የሂቦ አማት ፋጡማ፣ ሶማሊኛ የምትችል አፋር፣ በሩ ላይ ሆና፣ ያን እዚያ ያሰጣው ማነው ስትል ሰምተን ወጣን። ውሃው ጨርቆቹን ይዟቸዋል። አንዷ ትንሽ ነጭ ሸሚዝ እጆቿን ዘርግታ ትንሳፈፋለች።

ኤዶ አየቻት። አልጮኸችም። ወደ ውስጥ ገብታ ሕፃኑን አነሣችና በባዶ እግሯ ሽቅብ፣ ወደ ተራራው ሮጠች።

ከላይ አንድ ዛፍ ሥር አገኘናት፤ ሕፃኑን በሻርፕዋ ጠቅልላ ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ። ውረጂ ብንላት አትሰማም። ሕፃኑ በረሃብ ሲያለቅስ፣ ከቤት መውጣት የሌለባት አራስ ሂቦ ራሷ እያለከለከች ወጣችና እዚያው አጠባችው። እኔ በኀፍረት የምገባበት ጠፋኝ። ፋጡማ ግን አልተቆጣችም፣ አልመከረችምም። ኤዶ አጠገብ ተቀመጠችና፣ "ጠብቂ፣ ውሃው በየቀኑ ወጥቶ ይመለሳል" አለቻት።

ጠበቅን። ጎረቤት ሻይ አመጣልን፣ የታጁራ ሴቶች ቀስ እያሉ መጥተው አጠገባችን ተደረደሩ፣ ማንም አልሳቀም። ቀስ በቀስ ኤዶ ፊቷን አዞረች። ውሃው ቤቱ ደጃፍ ሳይደርስ ቆሟል። ከዚያ መሸሽ ጀመረ፤ እየራቀ፣ እየራቀ፣ ከሰዓት፣ የአሱር ሰላት ካለፈ በኋላ አሸዋው ተመልሶ ወጣ። አሸዋው ላይ የሕፃኑ ጨርቆች፣ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ በባሕር አረም ተጠላልፈው ተኝተዋል።

ኤዶ ሕፃኑን ለሂቦ ሰጥታ ወረደች። እኔ ልከተላት ስል ፋጡማ እጄን ያዘችኝ። ኤዶ ጨርቁን ሁሉ ለቀመች፣ ነጯ ሸሚዝ ግን ውሃው ጠርዝ ላይ ነበረች። እዚያ ስትደርስ ብዙ ቆመች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ገባችና አነሣቻት፣ ጨመቀቻት። ወዲያው አልወጣችም፤ ሞገዱ እግሯን እየነካካ እዚያው ቆማ አለቀሰች። የሊባንን ስም ስትጠራ ከላይ ሰማናት።

ስትመለስ ፊቷ እርጥብ ነው።

"ይሄኛው የወሰደውን ይመልሳል" አለች።

ማታ መስኮቱን የከፈተችው ራሷ ናት። ስለ አርብ ማንም አላነሣም።

እሁድ፣ መልካ ጀብዱ

በጀልባ ወጥቼ፣ በባቡር ብቻዬን ተመለስኩ። አዴር ዩሱፍ ጣቢያው በር ላይ ሁለት ባጃጅ ይዞ ቆሟል፣ አንዱ ለአራሷ፣ አንዱ ለሻንጣ። ስልክ ላይ ሁሉንም ነግሬው ነበር፤ አላመነኝም መሰለኝ። ከኋላዬ የሚወርደውን ሰው ሁሉ እያየ ጠበቀ፣ በሩ እስኪዘጋ።

"አቦ፣ እውነት እዚያ ቀረች?"

አርባው እስኪሞላ ሂቦን ልትንከባከብ፣ ከዚያም ከፈለገች ልትቆይ እንደሆነ ነገርኩት። ቀለም የተቀባው ክፍል ትዝ ሳይለው አልቀረም።

"ውሃው ውስጥ ገባች ያልሽኝ ግን?"

"እስከ ቁርጭምጭሚቷ፣ አዴር። በዓይኔ አይቻለሁ።"

አዴር ዩሱፍ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ባለባጃጆቹ ጥሩምባ እየነፉ ሲጠሩን በእጁ ቆዩ አላቸውና፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና እንድነግረው ለመነኝ።