በፎጣ ስር ያለቀው መመሪያ

የከብት ደላሎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ሥራዬ አባላቱ በአፋቸው የሚሉትን ቢሮ በሚገባው አማርኛ መጻፍ ነው፤ ስድቡን እየቀነስኩ ማለት ነው። አንድ ጊዜ የገበያ ረቂቅ መመሪያ ወጣና አስተያየት ስጡ ተባልን። ረቂቁ የሚሸጥ ከብት ሁሉ ዋጋው ጮክ ተብሎ ይነገር ይላል። ማኅበሩ ታመሰ።

እኛ ዘንድ ዋጋ በአፍ አይነገርም። ሻጭና ገዢ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ፎጣ ጣል ይደረግበታል፣ ከስር በጣት ይከራከራሉ። አጠገባቸው የቆመ ሰው ፊታቸውን ከማየት በቀር የሚያውቀው የለም። ሊቀመንበራችን ሐጂ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት እንዲህ ነው።

"ከሶፊ ገጠር ላሙን ነድቶ የመጣ ሰው ስንት ይዞ እንደሚገባ አገር ይስማ እንዴ? መመሪያው ከጸደቀ እኔ ሥራዬን እተዋለሁ!" አሉ። ማኅበሩ ያለ እሳቸው ምን ሊሆን ነው? ቁጣቸውን ሁለት ገጽ አድርጌ ጻፍኩት።

አስተያየት በሚሰጥበት ስብሰባ ቀን ከጀጎል በር ተገናኝተን አዳራሹ ገባን። መመሪያውን ያረቀቀው ኃላፊ የአቦከር ሰፈር ልጅ ነው፤ አባቱም ከብት ነጋዴ ነበሩ። ጽሑፌን አነበብኩ፣ ሞቅ ያለ ጭብጨባ አገኘሁ። ኃላፊው ግን ፈገግ ብሎ፣ "ሐጂ፣ ሻጩ የጎረቤቱ ላም በስንት እንደሄደች ካላወቀ እንዴት አይታለልም? በፎጣችሁ ተደራደሩ፣ አልከለክልም። ሲያልቅ ግን ዋጋው ጮክ ተብሎ ይነገር። ለመልመድ ስንት ወር ይበቃችኋል?" አለ።

ሐጂ ተነስተው መድረኩ ድረስ ሄዱና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ልማድ ሆኖባቸው ቁጥር በአፍ መጥራት እንዴት ይሁንላቸው! ኃላፊውም የነጋዴ ልጅ አይደል፣ ሳያመነታ እጁን ሰጣቸው። ፎጣቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጣል አደረጉበት። ሐጂ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ልጁ ይስቃል፣ እንደገና ይጨባበጣሉ። በመጨረሻ ሐጂ "አልሐምዱሊላህ!" ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

"ስንት ወር ሆነ?" አለ አንዱ ደላላ።

"አለቀ።"

"አለቀስ፣ በስንት?"

"እንዴ! በፎጣ ስር ያለቀ ነገር በአደባባይ ይነገራል? ወላሂ አልናገርም!"

አዳራሹ አበደ። "የሁላችንም ጉዳይ ነው!" "እኛ ሳናውቀው ልንተዳደርበት ነው?" እኔማ ብሶብኝ፣ ያንን ሁለት ገጽ ጠቅልዬ እንደያዝኩ ወንበር ላይ ወጣሁ። "ኧረ አቦ፣ ሐጂ፣ ጮክ ብለው ይናገሩ!" ሁሉም ተቀበለኝ፤ "ጮክ ይበሉ! ጮክ!"

ኃላፊው እስክንጨርስ ጠበቀና እስክሪብቶውን አወጣ። "የማኅበሩን አስተያየት መዝግቤያለሁ" አለ።

በአንዴ ገባን። እኔ ከወንበሩ መውረድ እንኳ አፈርኩ። ሐጂ እኔን አዩኝ፣ ልጁን አዩት፣ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

"ስድስት ወር!" ብለው ጮኹ። "እስከዚያ ደግሞ እለምደዋለሁ።"