ለሙሽራ ፀጉር የተቀመጠ ውሃ

የሰፈራችን የቃሓውታ የቧንቧ ውሃ ከሳሙና ጋር አይዋደድም ነበር። ብታሹት፣ ብትፈትጉት አረፋ የሚባል ነገር የለም፤ የተቆራረሰ አይብ የመሰለ ነገር ባልዲው ላይ ይንሳፈፋል፣ በቃ። የሻሂ ማንቆርቆሪያችን ውስጡ ኖራ የተቀባ ይመስል ነበር። ሽምብራ ከማለዳ ተጥዶ ምሳ ሰዓት ላይ ጠጠር ነው። እሱም ሲገኝ እኮ ነው! በበጋ ቧንቧው ያፏጫል እንጂ ውሃ አይሰጥም፤ ሲመጣም መጀመሪያ ዝገቱን ይተፋል። ሰዎች "አስመራ ስታምር!" ሲሉኝ፣ እወ፣ ታምር ነበር፤ እዚያ ፀጉር ታጥባችሁ ታውቃላችሁ ወይ? እላቸዋለሁ።

ጣጣው ፀጉር ላይ ነበር። በዚያ ውሃ የታጠበ ፀጉር ሲደርቅ ቃጫ ነው። በአቼቶ እናለቀልቀዋለን፤ እኔም ፋብሪካ ስገባ ሰላጣ ሰላጣ እሸታለሁ ብዬ ከሰው ራቅ ብዬ እቆም ነበር።

ታላቅ እህቴ የታጨችበት ክረምት እናቴ ከቆርቆሮው አሸንዳ ስር ፉስቶ ደቀነች፤ ፉስቶ የምንለው ትልቁን የብረት በርሜል ነው። ጣሪያውን ያጠበውን የመጀመሪያውን ዝናብ ደፋችው። ከዚያ በኋላ የወረደውን በነጠላ አጥልላ ሞላችው፣ ከደነችው፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫነችበት። "የጥር ሙሽራ ፀጉሯ በዝናብ ውሃ ይታጠባል" አለች። ግቢው ሁሉ ያን ውሃ ያውቀዋል፤ የሚነካው ግን የለም። በግድግዳ የምንጎራበታት የጎንደሯ የሃምሳ አለቃ ሚስት እንኳ፣ ግማሹን አማርኛዬን ያስተማረችኝ ሴት፣ ባለፈች ቁጥር ክዳኑን በጣቷ ትመታና "እማማ፣ ለእኔ ፀጉር መቼ ነው የሚከፈተው?" ትላለች። እናቴም "ሂጂ፣ አንቺ አግብተሽ የለም?" ብላ ታባርራታለች።

እጮኛዋ ከቃኘው የጦር ሰፈር በታች ያለ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣና ቧንቧው ስር እጁን ሲፈትግ ይውላል፤ የመኪናው ግራሶ አይለቅም። እህቴ "በዚህ እጅህ ነው ቀለበት የምታጠልቅልኝ?" ትለዋለች። እሱም ወደ ፉስቶው እያየ "አንድ ጣሳ ብቻ ስጪኝና ጉድ ታያለሽ" ይላታል። እናቴ ከጓዳ "ወግድ!" ስትል ሁላችንም እንስቃለን። እንዴት ያለ ሳቅ ነበር!

ሠርጉ ሲቃረብ ልጁ አንድ ማለዳ ጋራዥ ሳይገባ ቀረ። ሜዳ ወጥቶ ነበር፤ መንግሥትን ከሚወጉት ዘንድ። ቃሉን በቤታችን ማንም አልተነፈሰውም። ለጠየቀ ሰው አባቴ "ምጽዋ ሥራ አግኝቶ ወረደ" ይላል። ጥር መጣ፣ ጥር አለፈ፣ ፉስቶው እንደተከደነ ነው።

በዚያ በጋ ቧንቧው ጨርሶ ነጠፈ። ባልዲ ይዤ ተሰልፌ ውዬ፣ ጭቃ የመሰለ ውሃ ተሸክሜ ስገባ ደሜ ፈላ። "ያ ሙሉ ውሃ እዚያ ተገትሮ እኛ በቆሻሻ እንታጠብ? ሰውየው የለም! ሙሽራ የት አለ? ክፈቱልን!" ብዬ ጮህኩ። እህቴ ተነሳች፣ ወጣች፣ ድንጋዮቹን ገፋ አድርጋ ክዳኑ ላይ ተቀመጠች። እኔም ከዚያ በኋላ ስለዚያ ውሃ አንድ ቃል አላወጣሁም።

ክረምቱ ሲመለስ እናቴ አሮጌውን ውሃ ደፍታ፣ ፉስቶውን በአሸዋ ፈትጋ፣ እንደገና ሞላችው። እንደገና ድንጋይ ጫነችበት። "ይመጣል" አለች።

የመጣው ዘመዱ ነው። በጠራራ ፀሐይ ገባ፣ ሻሂ እንኳ አልቀመሰም፤ ለእናቴ በጆሮዋ ነግሯት ወጣ። እህቴ የእናቴን ፊት አየች። አበቃ፣ ሌላ የሚነግራት አላስፈለጋትም።

በዚያን ጊዜ ለእንዲህ ያለ ሞት ማልቀስ ጣጣ ያመጣ ነበር። እሪታ የተሰማበት ቤት ይመረመራል፣ አባወራው ይወሰዳል፤ ከሰፈራችን ተወስደው ያልተመለሱ ነበሩ። አባቴ ሥራ ላይ ነው፣ ምንም አያውቅም። በግድግዳው ወዲያ ደግሞ ሃምሳ አለቃው ከዘብ ገብቶ ተኝቷል። እህቴ አፏን በሁለት እጇ አፈነች።

እናቴ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አወረደች። ክዳኑን አነሳች። እህቴን በረንዳ ላይ የእንጨት ዱካ ላይ አስቀመጠቻትና በትግርኛ "አጎንብሺ፣ ጓለይ፣ ልጄ፤ እዚህ ውሃ ውስጥ አልቅሺ" አለቻት። ውሃውን አፈሰሰችባት። ሳሙናው ገና ሲነካው አረፋው ተነሳ፤ እንደዚያ ያለ አረፋ በቤታችን አይቼ አላውቅም፣ የእናቴ ክንድ እስከ ክርኑ ጠፋ። የሠርጓ አረፋ ነበር! እኔ ፎጣውን ይዤ ቆሜ አረፋውን ጠላሁት። ያኔ ነው የእህቴ ድምፅ ያመለጣት።

የጎረቤታችን በር ተከፈተ። "ምነው? ምን ሆነች?"

"ሳሙና ነው" አለች እናቴ በተሰባበረ አማርኛዋ። "ዓይኗ ሳሙና ገብቶ..."

የሃምሳ አለቃው ሚስት የተከፈተውን ፉስቶ አየች። መሬት ላይ የወረዱትን ድንጋዮች አየች። ያ ውሃ ለምን እንደተቀመጠ ታውቃለች፤ በቤታችን ሠርግ እንደሌለም ታውቃለች። ፊቷ ልውጥ አለ።

ከውስጥ የባሏ ድምፅ "ምንድን ነው ጩኸቱ?" አለ።

"ምንም አይደለም!" ብላ ወደ በሩ ጮኸች። "ሳሙና ዓይኗ ገብቶ ነው! ተኛ አንተ!"

ከዚያ መጥታ ጣሳውን ከእናቴ እጅ ተቀበለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ከፉስቶው ቀዳች፣ እህቴ ራስ ላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰች። ደግሞ ቀዳች። እንባዋ በአገጯ እየወረደ ወደ እህቴ ጆሮ ጎንበስ ስትል ሰማኋት።

"ገና ብዙ አለ፣ እህቴ። ውሃው እስኪያልቅ አልቅሺ።"