ሁለቱ ሞላ አስማረ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

በመተማ ቆላ ላለ አንድ ጤና ጣቢያ የበሽተኛ መመዝገቢያ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሠራሁ እኔ ነኝ። ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ የምርመራ ውጤት፤ በቃ። አንድ ስም ሁለቴ እንዳይገባም ከለከልሁ። ጭንቅላቴ ዝርክርክ ነገር አይችልም፤ ገጹ ጥርት ሲል ነው ቀለለ የምለው። ካርድ ክፍል የሚሠሩት እትዬ አስናቁ ግን የአያት ስምና የመጣበት አገር እንዲጨመር ለመኑኝ።

«ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጣው ሰው ስሙ ተመሳሳይ ነው፤ እኔ በአገሩ ነው የምለየው። ለእኔ የሚቀለኝ እሱ ነው» አሉኝ።

«ሲበዛ ይወሳሰባል» አልሁ። ማንን ነው የሚያደናግር? እኔን። የራሴን ጭንቅላት የሰው ሁሉ ጭንቅላት አደረግሁት።

በአጨዳው ወር ደወሉልኝ።

«ሞላ አስማረ የሚባል የወሎ ልጅ ትኩሳት ይዞት መጥቷል። ኮምፒዩተሩ ባለፈው ሳምንት ተመርምሮ ካላዛር የለበትም ይላል። ልጁ ደግሞ ጤና ጣቢያ ስመጣ ገና ዛሬ ነው ይላል። ባለፈው ሳምንት እኔ ፈቃድ ላይ ስለነበርሁ ያኛውን አላየሁትም። ምን ላድርግ?»

ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚይዝ የቆላ በሽታ ነው፤ ካልታከመ ይገድላል።

ሁለት ሰው ሊሆን እንደሚችል አላሰብሁም? አሰብሁ። አሰብሁና ፕሮግራሜ ተሳስቷል ማለት አቃተኝ።

«ያው ሰውዬ ነው፤ ያለውን ካርድ ይክፈቱ» አልሁ። እኔ ነኝ ያልሁ።

ልጁ ሳይመረመር የትኩሳት ክኒን ተሰጥቶት ወደ አጨዳው ተመለሰ። ከሳምንታት በኋላ በጭነት መኪና፣ በሰሊጥ ጆንያ ላይ ተጋድሞ አመጡት። ጣፊያው አብጦ ሆዱን ሞልቶት ነበር። በሁለተኛው ቀን ሞተ። ሾፌሩ ከወሎ መሆኑን እንጂ ሌላ አያውቅም፤ መርዶ የሚላክበት ቀበሌ የትም አልተጻፈም። የመጀመሪያው ሞላ ጎጃሜ እንደነበር የታወቀው ያን ጊዜ፣ የመረመረው ባለሙያ ሲጠየቅ ነው።

አጣሪዎች እኔንና እትዬ አስናቁን አንድ ላይ አስቀመጡን። እሳቸው ደውዬ ጠይቄዋለሁ አሉ።

«አልደወሉልኝም» አልሁ።

ዞር ብለው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ እንዲህ ትላለህ?» አሉ። ከሥራ ተባረሩ። እኔ በማግስቱ የአያት ስሙንና የመጣበትን አገር ጨመርሁ፤ አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም።

ወጣት ነበርሁ አልላችሁም። አላወቅሁም አልላችሁም። እትዬ አስናቁ ዛሬ ሳንጃ ከተማ ልጃቸው ዘንድ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። በዚያ በኩል ብዙ ጊዜ አልፌያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ከመኪናው አልወረድሁም።