የበርሜሉ አምባዛ

ዛሬ ዓባይ ማዶ በአንድ ምግብ ቤት ደጃፍ ሳልፍ የአምባዛ ዓሣ ወጥ ሸተተኝ።

በደርግ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ቤታችን የነበረ አምባዛ ጓሯችን ባለው ግማሽ በርሜል ውስጥ ይኖር ነበር። ዘሎ እንዳይወጣ አባባ በሽቦ ወንፊት ከድኖ ድንጋይ ይጭንበታል። አንድ ዝናባማ እሑድ የቀበሌው ጡሩንባ ለስብሰባ ሲያጣድፈው ድንጋዩን ረሳው።

ማታ ጎረቤታችን እትዬ ስንዱ፣ "እስቲ ቅመሱልኝ፤ ጎርፉ ቦዩ ውስጥ ጥሎልን የሄደ ዓሣ ነው" ብላ ወጥ አመጣችልን። ጣቴን እየላስሁ በላሁ። አባባም "እጅሽ ይባረክ" ብሎ ሸኛትና እንደ ልማዱ ለአምባዛው ፍርፋሪ ይዞ ወጣ።

ፍርፋሪውን እንደጨበጠ ተመለሰ።

"በርሜሉ ባዶ ነው" አለን። ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ "ስንዱ እንዳትሰማ። ሳህኗንም ባዶውን እንዳትመልሱ" አለ።

ዛሬም ሽታው ሲመጣብኝ ቀድሞ አፌን ምራቅ ሞላው። አንገቴን የደፋሁት ከዚያ በኋላ ነው።