ከአፈር ጉድጓዱ ላይ የነቀልኩት ቅርንጫፍ

ድሮም ምላሰኛ ነኝ። ጉርድ ሾላ ሱቅ የነበራት እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ለመልስ የሚቀድምሽ የለም» ትለኝ ነበር። ቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ፊት የቆምኩ ቀን ግን ከአፌ የወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም ውሸት። ወይ ነዶ! ስንት ዓመት ሆነው፣ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ቆሽቴ ያራል።

በደርግ ጊዜ ነው። ከኮተቤ በላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ለእንጦጦ ተራራ የሚሆን ችግኝ የሚፈላበት ጣቢያ ነበር። እኔ እዚያ ጸሐፊ ነኝ፣ መዝገብ ያዥ ነኝ፣ ሲቸግር ደግሞ የቀን ሠራተኛ ተቆጣጣሪ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ወፍራም መነጽር አደርጋለሁ። የመንግሥት ሥራ ይዣለሁ ብዬ ሰማይ የነካሁ መስሎኝ ነበር።

የችግኝ ፕላስቲኮቹ የሚሞሉበትን ጥቁር አፈር የምናስቆፍረው ከአጥራችን ውጪ፣ ዛፎቹ መሐል ነው። አፈሩ ሲያልቅ ጉድጓዱ ይቀራል። አንደኛው ጠባብ ሆኖ እስከ ደረት ይደርስ ነበር። ዛፍ ቆራጮች የመለመሉት ጭራሮ ተጋደመበት፤ ጭራሮው ላይ ደግሞ ቅጠል ረገፈበትና ደህና መሬት መሰለ። የማስደፈን ሥራው የኔ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ከረመ።

በዚያ በኩል የሚያልፉት ቅጠል ተሸካሚ ሴቶች ናቸው። ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው ጀርባቸው ላይ አስረው ወደ ኮተቤ ወርደው ይሸጣሉ። ትልቁ መንገድ ላይ ኬላ አለ፤ ዘበኛው ሸክማቸውን ይነጥቃቸዋል። ስለዚህ ኬላው ጋ ሳይደርሱ በዛፉ መሐል ያቋርጣሉ። ሕጉ መንገድ አይለውም እንጂ ከትልቁ መንገድ ይልቅ የተረገጠው እሱ ነው። እኔ ራሴ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ የምወጣው በዚያው ነበር፤ ያሳጥራላ!

ሴቶቹ አንድ ልማድ አላቸው። አደገኛ ቦታ ሲያገኙ እርጥብ ቅርንጫፍ ገንጥለው፣ አናቱን ወደ ታች ዘቅዝቀው ይተክላሉ። የተዘቀዘቀ ቅርንጫፍ ያየ ሰው ዞሮ ይሄዳል። ሲደርቅ ደግሞ መጀመሪያ ያየችው ሴት በእርጥብ ትቀይረዋለች። ይህንን ያስተማሩኝ አንዲት በእድሜ የገፉ ተሸካሚ ናቸው። እትዬ ነበር የምላቸው። አንድ ጠዋት እዚያ ጉድጓድ አጠገብ ሸክማቸውን ዛፍ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ አገኘኋቸውና «ልጄ፣ ይህን እያየሽ እለፊ። ከሥሩ ባዶ ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ እንኳ ጉድጓዱ የኛ ነው አላልኩም። አመስግኜ አለፍኩ።

ከዚያ የችግኝ ተከላ ዘመቻ መጣ። ከላይ የሚመጡ ጓዶች ጣቢያውን ይጎበኛሉ ተባለ። ኃላፊያችን «አካባቢው ይጥራ፤ አንድ ነገር ተዝረክርኮ እንዳላይ» አለኝ። ዞር ዞር ብዬ ሳይ ያ ቅርንጫፍ ተገትሯል። ቅጠሉ ጠውልጎ ለዓይን ያስጠላል። ምን ማለት እንደሆነ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ነቅዬ ወረወርኩት። እንግዶቹ ሲሄዱ እመልሰዋለሁ አልኩ። እንግዶቹ መጡ፣ ተከሉ፣ አጨበጨብን፣ ሄዱ። ረሳሁት። አለቀ።

መሬቱ ሁሉ ቅጠል ለብሶ አንድ ዓይነት ነው፤ ቦታውን የሚለዩት በቅርንጫፉ ብቻ ነበርና በሦስተኛው ቀን እትዬ ከነሸክማቸው ገቡበት። አብራቸው የነበረችው ጎረቤታቸው ጮኻ ሰው ሰበሰበች። ዳሌያቸው ነው የተሰበረው። ከብዙ ጊዜ በኋላ በምርኩዝ ቆሙ፤ ሸክም ግን በቃ፣ ቀረ።

እትዬ ቀበሌ ሄደው ከሰሱን። ካሳ አላሉም። ጣቢያው ጥላ ሥር ተቀምጠው ፕላስቲክ ውስጥ አፈር የሚሞሉ ሴቶች አሉ፤ ከነሱ መሐል አንድ መቀመጫ ስጡኝ ነው ያሉት። «እጄ ደህና ነው» አሉ፣ በቃ። ባል የላቸውም፣ ጧሪ የላቸውም፤ ያንን ካላገኙ ከተማው ውስጥ የሚያቆያቸው ነገር የለም።

ለኃላፊው ቅርንጫፉን የነቀልኩት እኔ መሆኔን ነግሬዋለሁ። በሩን ዘጋና «ሴትዮዋ ከመንገድ ወጥታ ነው የወደቀችው። ከመንገድ ለወጣ ሰው ጣቢያው አይጠየቅም። ምልክት ነቀልኩ ካልሽ ግን ይጠየቃል፤ ጣቢያው ከመጠየቁ በፊት ደግሞ አንቺ ትጠየቂያለሽ» አለኝ። ፈራሁ። ጊዜው እንዴት ያለ ጊዜ እንደነበር ለማያውቅ ሰው ሰበብ ይመስላል። ሰበብም ነው።

እሁድ ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሏል። እትዬ ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ከፊት ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ «ከተፈቀደው መንገድ ለምን ወጡ?» ብለው ጠየቋቸው።

«ወጥቼ አላውቅም ጌታዬ። ሃያ ዓመት የሄድኩበት ነው» አሉ። «ጉድጓዱ ላይ ሁሌም ቅርንጫፍ ነበረበት። የዚያን ቀን አልነበረም። እኔ የምለው ቅርንጫፉ የት ሄደ ነው።»

ሊቀመንበሩ ወደኔ ዞሩ። «ጓዲት፣ በዚያ የምትመላለሺ አንቺ ነሽ። የሚሉትን ቅርንጫፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እኔ የሙስሊም ልጅ ነኝ። ወላሂ ብለሽ ማይ ቢሉኝ ኖሮ አልዋሽም ነበር እያልኩ ስንት ዘመን ራሴን አታለልኩ። ማንም አላስማለኝም። ዓይኔን በጨው አጥቤ «አላየሁም» አልኩ።

ሊገላምጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ እትዬ ወደ ሊቀመንበሩ ዘንበል ብለው «እሷን አይፍረዱባት። መነጽር ነው ያደረገችው፤ ላይታያት ይችላል» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ፤ ይህን ሳስታውስ ነው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የምለው።

ተፈረደ። ከመንገድ በመውጣታቸው ጥፋቱ የራሳቸው ነው ተባለ። መቀመጫው ቀረ።

በነጋታው በዚያው አቋራጭ ስወጣ ጉድጓዱ ላይ ቅርንጫፍ ተተክሏል። እርጥብ ነው፤ አናቱ ወደ ታች ነው። እንደ ወትሮው ቅጠል ብቻ አልነበረም፣ ከነጠላ ጫፍ ላይ የተቀደደ ነጭ ጨርቅ ታስሮበታል። ያቺ ጎረቤታቸው ትንሽ ራቅ ብላ ጭራሮ ትለቅም ነበር።

«ጨርቁ ምንድነው?» አልኳት።

ቀና ብላም አላየችኝም። «ጎረቤቴ ናት ያስያዘችኝ» አለች። «‹የጣቢያዋ ልጅ ዓይኗ ደካማ ነው፣ ቅጠል ብቻ ቢሆን ታልፈውና ትገባበታለች፤ ይህን እሰሪላት› ብላ።»

በዚያው ሳምንት ጉድጓዱን አስደፈንኩት። ግማሽ ቀን አልፈጀም። እትዬ ቤት ሄጄ እውነቱን ልነግራቸው አሰብኩ፤ ዛሬ ነገ ስል እንደገና ከረመ። አንድ ቀን ጨክኜ ስሄድ በሩ ተቆልፏል። የወንድማቸው ልጆች ወደ ገጠር ወስደዋቸዋል አሉኝ።

በምርኩዝ ቆመው፣ ሥራቸውን ተነጥቀው፣ ለኔ ዓይን ያዘኑት እሳቸው ናቸው። ዓይኔ ግን ደህና ነበር። ያን የነቀልኩትን ቅርንጫፍ ያየሁት ከሩቅ ነው፤ ከጣቢያው በር።