የአክስቴ የጆሮ ፈተና

አክስቴ ጠጅቱ አብነት ሰፈር ባለው ወፍጮ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ወፍጮው በምላሹ ሳንባዋን ዱቄት ሞልቶላታል፣ ጆሮዋን ደግሞ ወስዶባታል። ይህን ግን ቢገርፏት አታምንም። የምትኖረው የሰው ከንፈር እያነበበች ነው። ጀርባውን ሰጥቶ የሚያወራትን ሰው "ባለጌ!" ትለዋለች፤ ሰውየው ደንግጦ ሲዞር የሚለውን ከአፉ ትለቅማለች። ያልያዘችው ነገር ሲመጣ "እሺ" ትላለች። እሺ ለሁሉም ይሆናል፤ ለሐሜትም፣ ለወረዳ ስብሰባም። አንዴ ለቅሶ ቤት ሟች እንዴት እንደተሠቃየ ሲነገራት ፈገግ ብላ "እሺ" ብላለች። እኔ የእህቷ ልጅ መሆኔን ያን ቀን ብክድ ደስ ይለኝ ነበር።

ይህ ዘዴ ባሏ ላይ አልሠራም። ጋሽ ገብረየሱስን ባለፈው ጥር ስትሮክ መታው፤ ግማሽ አካሉ ዛለ፣ አፉ ተጣመመ፣ ድምፁ ሹክሹክታ ሆነ። የተጣመመ ከንፈር አይነበብም። አንድ ቀን ልደታ ኮንዶሚኒየም ቤታቸው ስሄድ አክስቴን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

"ናዝሬት፣ ሰውዬው እያወራኝ ሊሞት ነው፤ እኔ አልሰማውም" ብላ አለቀሰች። መስማት እንደማትችል ለመጀመሪያ ጊዜ ያመነችው ያን ቀን ነው። ወዲያው ደግሞ ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ።

ግንቦት ላይ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ወረዳው አዳራሽ መጣ። የወፍጮ ቤት ሠራተኞችን ጆሮ ያጠናል፣ ለማይሰማው የመስሚያ መሣሪያ በነፃ ይሰጣል። እንደ ደንቡ መጀመሪያ የአንድ ሰዓት ንግግር ተደረገ፤ መስማት ለተሳነው ሕዝብ፣ በተበላሸ ማይክ። ያልሰሙት ታደሉ።

ተራዋ ሲደርስ ማዳመጫ አደረጉላት። መርማሪው ዶክተር ኢታና የሚባል ወጣት ነው። "እማማ፣ ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያንሱ" አላት። ይህን ከአፉ ለቀመች። ከዚያ ዓይኗን አውራ ጣቱ ላይ ተከለች። ጣቱ ቁልፉን በተጫነ ቁጥር እጇ ብድግ ይላል፤ በግራም በቀኝም አንድ አልሳተችም።

ዶክተሩ ዓይኑ ፈጠጠ። "ሃያ ስድስት ዓመት ወፍጮ ቤት ሠርተው የኮረዳ ጆሮ! ለጥናቱ በጣም እንፈልግዎታለን!" አለና ባልደረባውን ጠርቶ አሳያት። አክስቴ ዓይኗን በጨው ታጥባ "እሺ" አለች። ጤነኛ የሚል፣ ማኅተም ያለው ወረቀት ሰጧት።

ጎትቼ ጥግ አስያዝኳት። "እትዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?"

"ምን አደረግኩ? አለፍኩ እኮ!"

"መሣሪያው የሚሰጠው ለወደቀ ነው!"

"ለወደቀ የሚሸልም የት አገር ነው? ደግሞስ በዚህ ሁሉ የእድር ሰው ፊት ልውደቅልሽ?"

ተናድጄ ነበር። አክስቴ ባትሆን ኖሮ የምላትን አውቅ ነበር። በዚያ ፈንታ ከንፈሬን በደንብ ከፍቼ "ጋሼስ?" አልኳት።

ፊቷ ተለወጠ። ወረቀቱን አየችው፤ ሰልፉን አየችው። ከእድሩ ሴቶች ዐሥራ አምስት ያህሉ እዚያ ነበሩ። ሄዳ ወረቀቱን ዶክተሩ ፊት ቀደደችና፣ የገዛ ድምፅዋን ልክ ስለማታውቅ፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ ጮኸች፤ "አልሰማም! በሁለቱም አልሰማም! ጣትህን እያየሁ ነው!"

የእድሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ እንዳለች፣ ከንፈሯ እንዲታያት ቀረብ ብላ፣ "እናውቃለን እኮ ጠጅቱ። ስናማሽ ፊታችንን የምናዞረው ለምን መሰለሽ?" አለቻት። አክስቴ የስድብ ናዳ አወረደችባቸው። እነሱ ሳቁ፤ ቆይታ እሷም ሳቀች። ዶክተር ኢታና ብርቅዬ ግኝቱ ስለጠፋበት ቅር ብሎት፣ ጀርባዋን እንድትሰጠው አድርጎ እንደገና ፈተናት። በክብር ወደቀች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መሣሪያው ተገጠመላት። በእግር ስንመለስ በሚኒባስ ጥሩምባ ትደነግጣለች፣ የታክሲ ረዳቱን "ምን ያስጮህሃል?" ትለዋለች። ቤት ስንገባ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች።

"በል ተናገር። ምንድን ነው ስትለኝ የከረምከው?"

ጋሽ ገብረየሱስ ቀስ ብሎ ተነፈሰ። "አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙሪልኝ። ግድግዳ ማየት ሰለቸኝ።"

"እሱን ነበር?"

"በየቀኑ እለምንሻለሁ። በየቀኑ እሺ ትይኛለሽ።"

አምስት ወር ሙሉ እሺ ብላ፣ ብርድ ልብሱን አስተካክላ፣ ግድግዳውን እያሳየችው ወጥታለች። አልጋውን ለሁለት ስንገፋ ራሷን እየተሳደበች ታለቅስ ነበር። እኔስ? በየእሁዱ እዚያ ቤት እሄዳለሁ፣ ጆሮዬ ምንም አልሆነም፤ አንድም ቀን ጎንበስ ብዬ ምን እንደሚል አላዳመጥኩትም።